ስለ ግንብ መሠረትና ስለ ውኃ መውረጃ ቦይ

በተማሪዎች ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ ግንብ መሠረት የሚናገር ጽሑፍ ሲያዩ የኢንጂነሪንግ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈገግ ማለታቸው እንደማይቀር እናውቃለን። ጸሐፊዎቹ እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች መሆናችንን ሲሰሙ ደግሞ ፈገግታው ወደ ሳቅ ይለወጥ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሲሚንቶ ከስንት እጅ አሸዋ ጋር እንደሚቦካ የሚጠይቅ ፈተና ተቀምጠን አናውቅም። ይሁን እንጂ ባለፈው ክረምት የዕረፍት ጊዜያችንን ባሳለፍንባት በዓለም ከተማ ያየነው ነገር ዝም ተብሎ የሚታለፍ ሆኖ ስላላገኘነው፣ ግንበኛ ጠይቀን፣ መጽሐፍ አገላብጠን፣ የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችንንም እንቅልፍ ነሥተን የተረዳነውን ያህል ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ተነሥተናል። ከወላጆቻችን መካከል አንድ ቀን ቤት ወይም አጥር ለመሥራት የማያስብ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም።

ዓለም ከተማ በሰሜን ሸዋ የመርሐቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሙከጡሪና በለሚ በኩል የሚጓዝ ሰው ሜዳውን ሲያቋርጥ ቆይቶ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ሲደርስ መሬት ከእግሩ ሥር የከዳችው ይመስለዋል። መኪናው እየተጠማዘዘ እስከ ወንዙ ድረስ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ወደ ማዶው ደጋ ይወጣል። በዚህ ቁልቁለትና ዳገት ላይ የመሬትን ሆድ ዕቃ ማየት ይቻላል፤ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከበታቹ የአሸዋ ድንጋይና ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ተደራርበው ይታያሉ። ለኛ ጉዳይ የሚያስፈልገን ግን የላይኛው ሁለት ሜትር ብቻ ነው።

ይኸው ሁለት ሜትር በከተማዋ ውስጥ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ቤት ሊሠራ ሲቆፍር ጉልበቱ ሳይደርስ ድጅኖው ከዓለት ጋር ይጋጫል፤ ጥቂት እርምጃ ርቆ የሚቆፍረው ጎረቤቱ ደግሞ እስከ ደረቱ ድረስ ጥቁር አፈር ያገኛል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ መውረጃ ይፈልጋል። ውኃ ምንጊዜም ወደ ገደሉ መሄዱ አይቀርም፤ ጥያቄው በማን ግቢ በኩል ይሄዳል የሚል ነው።

ካረፍንበት ቤት አጠገብ አንዲት እናት ይኖራሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ እማማ እንበላቸው። ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ጋግረው፣ በብዙ ዓመት ባጠራቀሙት ገንዘብ በግቢያቸው ፊት ለፊት የድንጋይ አጥር አሠርተው ነበር። ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ርዝመቱ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ነው። አጥሩ አራት ክረምት ቀጥ ብሎ ቆመ። በበጋው ሰፈሩ ተሰብስቦ መከረ። ጎርፍ በየዓመቱ ከበላይ በኩል እየመጣ እየቤቱ ስለሚገባ ሰዉ ገንዘብም ጉልበትም አዋጥቶ በመንገዱ ዳር ቦይ ቆፈረ፤ ቱቦ ቀበረ፤ አፈሩን መልሶ ከላዩ ድንጋይ አነጠፈበት። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። እማማም ከአዋጪዎቹ አንዷ ነበሩ። ነገር ግን ቦዩ የተቆፈረው ከአጥራቸው እግር ሁለት ስንዝር ብቻ ርቆ ነው።

ሐምሌ እንደ ገባ በአጥሩ ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ታየ። ከታች ወደ ላይ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እንደ ደረጃ እየዘለለ አግድም የሚወጣ ነበር። እማማ በጭቃ ደፈኑት። በሳምንቱ እንደገና ተከፈተ። በሐምሌ መጨረሻ አጥሩ ወደ መንገዱ ዘንበል ማለቱ ያለ ቱምቢ በዓይን ይታወቅ ጀመር። በነሐሴ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ሰዓት፣ ስድስት ሜትር የሚያህለው ክፍል መንገዱ ላይ ተዘረገፈ። በሌላ ቀን በዚያ ሰዓት ሕፃናት ጀሪካን ይዘው የሚያልፉት በዚያው ግንብ ጥግ ጥግ ነው። ጭቃ ስለሚፈሩ ከመሐል መንገድ ይልቅ ግንቡን ተጠግተው መሄድ ይወዳሉ።

ከዚያ በኋላ የሰማነው ምክንያት ብዙ ነበር። አንዱ ግንበኛው ሲሚንቶ ቀንሶበት ነው አለ። ሌላው የዘንድሮ ዝናብ በዛ አለ። የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ። ስለ ቦዩ የተናገረ ግን አልነበረም፤ ቦዩ ከመሬት በታች ስለሆነ አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ አይከሰስም።

ስለ ቦዩ የነገሩን ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ ግንበኛ ናቸው። «አባባ፣ ግንቡን የጣለው ምን ይመስልዎታል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ግንቡን የጣለው ማንም የለም ልጆቼ» አሉን። «ቀድሞ የወደቀው መሬቱ ነው፤ ግንቡ ተከትሎት ሄደ።»

ይህን ብለው ዝም አላሉም። እርጥብ አፈር በእጃቸው ሰብስበው ከፍ ያለ ቁልል ሠሩና በመዳፋቸው መትተው አጠነከሩት። ከላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖሩ። ድንጋዩ ጸንቶ ተቀመጠ። ቀጥሎ በበትራቸው ጫፍ የቁልሉን አንድ ጎን ከግርጌው ጀምረው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ድንጋዩን አልነኩትም፤ በቀጥታ ከድንጋዩ ሥር ያለውንም አፈር አልነኩም። ሆኖም ጎኑ ጥቂት እንደ ተቆረሰ ድንጋዩ ወደዚያው በኩል አጎነበሰና ተንሸራተተ። ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይልቅ ይህች ደቂቃ ነገሩን ገለጠችልን ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ብዙ ሰው የግንብ ክብደት በቀጥታ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ይመስለዋል፤ እኛም ከነዚያ መካከል ነበርን። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ክብደቱ ከመሠረቱ ግርጌ ሲደርስ እንደ ቀሚስ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ግንቡን የተሸከመው ከበታቹ ያለው አፈር ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኝ ያለው አፈር ጭምር ነው። የጎኑ አፈር ሥራው የመሐሉ አፈር ተጨፍልቆ እንዳያመልጥ ደግፎ መያዝ ነው። ይህን አፈር ቆፍሮ ማውጣት ማለት ሸክም የተሸከመን ሰው ክርኑን እንደ መምታት ነው።

የቀሚሱን ስፋት ለመገመት መሐንዲሶች አንድ ቀላል ልክ አላቸው። ከመሠረቱ ግርጌ ጠርዝ ተነሥቶ በ45 ዲግሪ ወደ ታችና ወደ ውጭ የሚሄድ መስመር በሐሳብ ያሠምራሉ። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ወረቀት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲታጠፍ የሚወጣው መስመር ማለት ነው፤ አንድ ክንድ ወደ ታች ሲወርድ አንድ ክንድ ወደ ጎን ይሄዳል። ቦዩ ከዚህ መስመር ውጭ ከቀረ መልካም ነው። መስመሩን ጥሶ ወደ ግንቡ ከቀረበ ግን የግንቡን ክብደት ከያዘው አፈር ላይ ቆርሶ ወስዷል።

በዚህ ልክ የእማማን አጥር እንመርምረው። የአጥሩ መሠረት ጥልቀት 70 ሳንቲ ሜትር ነበር። የቦዩ ወለል 1 ሜትር ከ50 ደረሰ። ቦዩ ከመሠረቱ ግርጌ በ80 ሳንቲ ሜትር ይዘቅጣል ማለት ነው። እንግዲያው ከመሠረቱ ጠርዝ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር መራቅ ነበረበት፤ የራቀው ግን 40 ነው። አርባ ሳንቲ ሜትር፣ ይኸውም ከክንድ ያነሰ ርቀት፣ የብዙ ዓመት ጠላና ዳቦ በላ። ደግሞም ይህ የ45 ዲግሪ ልክ የሚያገለግለው መሬቱ ጠንካራ ሲሆን ነው፤ አፈሩ የተደለደለ ወይም ውኃ የጠገበ ከሆነ፣ ቦታውም ተዳፋት ከሆነ፣ ከዚያ የበለጠ መራቅ ያስፈልጋል።

የእንግሊዝ አገር የሕንፃ ደንብ መመሪያ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። የቱቦው ቦይ ክብደት ከተሸከመ ግድግዳ መሠረት ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ካለፈ፣ ቱቦው ከተቀበረ በኋላ ቦዩ እስከ መሠረቱ ግርጌ ከፍታ ድረስ በኮንክሪት እንዲሞላ ይላል። አፈር መልሶ መድፈን አይበቃም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር ምንም ያህል ቢረገጥ እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ኮንክሪቱ ግን የተወሰደውን ድጋፍ ይመልሳል። ርቀቱ ከአንድ ሜትር ሲበልጥ ኮንክሪቱ እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። እኛ አገር ለአንድ የሰፈር ቦይ ይህን ያህል ኮንክሪት ከየት ይመጣል የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ፣ ቀድሞ የተለካ ርቀት ኮንክሪትን ያስቀራል የሚል ነው። ርቀት ዋጋው ሲባጎና ሁለት ችካል ብቻ ነው።

መሬት ቀድሞ ይወድቃል የሚለው የሽማግሌው ቃል በድሆች አጥር ላይ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስለን። ዓለም ከተማ በጀርመን አገር ፋተርሽቴተን ከምትባል ከተማ ጋር ወዳጅነት እንዳላት ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በዚያችው በጀርመን፣ በኮሎኝ ከተማ፣ በየካቲት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2009) የከተማው የታሪክ መዛግብት ቤት በአንድ አፍታ ፈረሰ። አጠገቡ ለምድር ውስጥ ባቡር ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር፤ ከመዝገብ ቤቱ ሥር የነበረው አሸዋና ውኃ ወደ ጉድጓዱ ፈሰሰና ሕንፃው ተከተለው። በአጠገቡ በነበሩት ቤቶች ውስጥ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ጽሑፎች የሚገኙበት ስብስብ ከፍርስራሽና ከጭቃ ጋር ተቀላቀለ። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ይህን ስናነብ የመሠረት ትምህርት ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው አለመሆኑ ይበልጥ ተሰማን።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መቆፈሩ ነው፤ ውኃው ራሱ የሚያደርገው ጥፋት ገና አልተነሣም። የእማማ ሰፈር ቱቦ በአጫጭር ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። መገጣጠሚያው በደንብ ካልታሸገ ውኃ ይወጣል። የሚወጣው ውኃ ጥቂት ነው፤ ድምፅ የለውም። ነገር ግን ደቃቁን አፈር እያጠበ ይዞ ይሄዳል፤ በደቃቁ ምትክ ክፍተት ይቀራል፤ ክፍተቱ ብዙ ውኃ ያሳልፋል፤ ብዙ ውኃ ደግሞ ከፍ ያለውን ጠጠር ያነሣል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው ይህ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ቱቦው ምንም ባያፈስ እንኳ ቦዩ ራሱ ውኃ የሚመራ መሆኑ ነው። ተመልሶ የተደፈነው አፈር ልል ስለሆነ የዝናቡ ውኃ ከሁለቱም ጎን እየሰረገ ወደዚያው ይሰበሰብና ከቱቦው ውጭ፣ በቱቦው ጎን፣ ቁልቁል ይሄዳል። ብዙ ሰው ቱቦ ከቀበረ በኋላ ውኃው ሁሉ በቱቦው ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ አፈሩ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ተገፍቶ መሞላት የለበትም፤ ስንዝር በስንዝር እየተሞላ በየደረጃው መደቅደቅ ይገባዋል። ባየነው ቦይ ላይ አፈሩ ተመልሶ የተረገጠው በሰው እግር ብቻ እንደ ነበረ ሰማን። በክረምቱ ከላዩ የተነጠፈው ድንጋይ እንደ ኮርቻ መጉበጡ ይህን የሚያረጋግጥ ነው።

ጥቁሩ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው ይህ አፈር በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንደሚሸፍን ይነገራል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጫማ ያወልቃል። ያበጠው አፈር ግንብን ወደ ላይ የማንሣት ኀይል አለው። ሁሉም በእኩል ቢያብጥ ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን የሚያፈስ ቱቦ በአንድ ወገን ካለ በዚያ በኩል ያለው አፈር ሲያብጥ የሌላው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ግንቡ አንድ እግሩ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ድንጋይ ደግሞ መታጠፍ አያውቅም፤ መሰንጠቅ ብቻ ነው። የባሕር ዛፍም ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አጥር ጥግ የተተከለ ባሕር ዛፍ በበጋ የአፈሩን ውኃ ይመጥጣል፤ ሥሩም ወደ ቱቦው መገጣጠሚያ ገብቶ ይደፍነዋል። በከተማዋ ይህን ያህል ባሕር ዛፍ ከግንብ ጋር ተጣብቆ ማየታችን ከዚያ በኋላ ያሳስበን ጀመር። ከጣራ አሸንዳ የሚወርደውን ውኃ በቀጥታ በግድግዳው እግር ሥር መልቀቅም ያው ነው፤ ይህን የማያደርግ ቤት ስንት እንደሆነ ለመቁጠር ሞክረን ሰለቸንና ተውነው።

የመንዝ ሰዎች የሚሠሩትን የድንጋይ ቤት ያየ ሰው፣ በጭቃ ብቻ ተያይዞ ስንት ትውልድ ያሳልፍ የለምን ብሎ ሊከራከረን ይችላል። ያሳልፋል። እንደሚመስለን ግን ምሥጢሩ በጭቃው ላይ አይደለም። ወፍራም ግድግዳ፣ ውኃውን ከግድግዳው አርቆ የሚጥል የሣር ክዳን፣ ዓለት ቅርብ የሆነበት ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ቱቦ የሚቀብር ሰው አለመኖሩ ነው። ከተማ ሲመጣ ቱቦ ይመጣል። አባቶቻችን ያልገጠማቸው ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ከእነርሱ ልምድ ብቻ መጠበቅ አግባብ አይሆንም።

ሆኖም ጥያቄው ፈጽሞ አልገጠማቸውም ማለትም ስሕተት ነው፤ ላሊበላ አለና። በላሊበላ ዓለትን ወደ ታች ፈልፍሎ በጉድጓድ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ማቆም ማለት፣ ሳያስቡት የክረምት ውኃ የሚጠራቀምበት ገንዳ መሥራት ማለት ነበር። ጠራቢዎቹ ይህን ዐውቀው የውኃ መውረጃ ቦዮችን በዓለቱ ውስጥ ፈልፍለዋል። እንግዲህ በዚያ ሥራ ቦይ የሕንፃው አካል እንጂ ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ዩኔስኮ እንደሚገልጸው እነዚህ ቦዮች ኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞልተው ቆዩ፤ የተጠረጉት በ20ኛው ምዕተ ዓመት ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥም አናግቷቸዋል፤ አብያተ ክርስቲያናቱ በውኃ ክፉኛ የተጎዱት ከዚህ የተነሣ ነው። ዓለት እንኳ ቦዩ ሲደፈን ይህን ያህል ከተጎዳ፣ በጥቁር አፈር ላይ የቆመ ካብ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። በወንጌል ቤቱን በዓለት ላይ ስለ መሠረተው ሰው የሚነገረውን ምሳሌ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ሉቃስ ሰውዬው አጥልቆ መቆፈሩን ጨምሮ መጻፉን ግን ስንቶቻችን ልብ ብለናል?

አሁን ወደ እማማ እንመለስ። አጥሩ በወደቀ ማግስት የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ይክፈል የሚል ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት የሆነ ሰው በንብረቱ ሲገለገል በጎረቤቱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ያዛል። መልካም ነው። ነገር ግን ቦዩ የማን ንብረት ነው? የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ከሰፈሩም አንዷ እማማ ራሳቸው ናቸው። በሌላ በኩል ያው ሕግ በሕንፃ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት የሕንፃውን ባለቤት ኀላፊ ያደርጋል። ስለዚህ ያ ግንብ በአንድ ሕፃን ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ፣ ቦዩን የቆፈሩት ሁሉ ቤታቸው ተቀምጠው በፍርድ ቤት የሚቆሙት እማማ በሆኑ ነበር። የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ የሚሉት ቢኖራቸው በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

ግንበኛው አባባ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም። በመጀመሪያ ቱቦውን እንመርምር አሉ። የታችኛውን አፍ በጆንያና በጭቃ ደፍነው ማታ ውኃ አስሞሉበት። ጠዋት ሲታይ ከግማሽ በላይ ውኃ የለም፤ የሄደበትንም ያየ የለም። ይህን ያዩት ጎረቤቶች ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሁለት ቀን ተቆፍሮ መገጣጠሚያዎቹ በሲሚንቶ ታሸጉ፤ የሲሚንቶውንም ዋጋ ሰፈሩ ከፈለ።

ቀጥሎ የግንቡ ጉዳይ መጣ። ሳይወድቅ የቀረው ዘጠኝ ሜትር ነበር። ይህን ከሥሩ ማጠናከር ይቻላል፤ መሠረቱን ከቦዩ ወለል በታች እስኪደርስ ማጥለቅ ነው። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ዘጠኙንም ሜትር ከሥሩ የቆፈረ ሰው ግንቡን በራሱ ላይ ይጥላል። አንድ ሜትር ያህል ብቻ ተቆፍሮ፣ ተገንብቶ፣ ሲደርቅ፣ ከዚያ ርቆ ሌላ አንድ ሜትር ይቆፈራል፤ መሐሉ በመጨረሻ ይሞላል። በእንግሊዝ አገር የዊንቸስተር ካቴድራል የዳነው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። ሥራው በ1079 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ካቴድራል የቆመበት መሬት ውኃ የሞላበት ረግረግ ስለነበረ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ግድግዳው ይሰነጠቅ ጀመር። ስድስት ሜትር ያህል ጥልቀት ያላቸው 235 ጉድጓዶች በየተራ ተቆፈሩ። ውኃው በፓምፕ ቢሳብ ሕንፃው አብሮ እንዳይናድ ስለተፈራ፣ ዊልያም ዎከር የተባለ ጠላቂ ከ1906 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ድረስ በጨለማው ውኃ ውስጥ እየገባ ከ25000 በላይ የኮንክሪት ከረጢት ደረደረ። የጉድጓዱ ወለል ከታሸገ በኋላ ነው ውኃው ተስቦ ግንበኞች የገቡት። ይህን ታሪክ ለአባባ ስንነግራቸው ብዙ ካሰቡ በኋላ «ለሰውየው ስንት ከፈሉት?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

የእማማ አቅም ግን ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ አባባ ሌላ ፈረዱ፤ የቆመው ዘጠኝ ሜትር ቁመቱ በግማሽ ይቀነስ፤ ሸክሙ ሲቀልለት ይቆማል። ከላዩ የሚወርደው ድንጋይ ለአዲሱ መሠረት ይሁን። የወደቀው ስድስት ሜትር ደግሞ በቀድሞው ቦታ አይሠራም፤ አንድ ሜትር ወደ ግቢው ገብቶ ይሠራል።

እማማ በዚህ ተቆጡ። «ጌታዬ፣ መሬቴን ለቱቦ ልስጥ ነው የሚሉኝ?» አሉ።

«ለቱቦ አይደለም እኅቴ» አሉ አባባ። «ለግንብሽ እግር ነው። ግንብ እግሩን የሚዘረጋበት ካጣ በሰው ላይ ይዘረጋል።»

ስድስት ካሬ ሜትር መሬት ለሰፊ ርስት ባለቤት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ጎመንና ጌሾ ተክለው ለሚኖሩ ሴት ግን ብዙ ነው። የተነቀለው ጌሾ ነበር። የሰፈሩን ቦይ ከግንቡ አርቆ ወደ መሐል መንገድ መቆፈር በበጋው ሳለ የግማሽ ቀን ተጨማሪ ሥራ ብቻ ይጠይቅ ነበር። የጌሾውን ዋጋ ግን እስካሁን ሰፈሩ አልከፈለም፤ እንዲከፍልም የጠየቀ የለም።

ለአዲሱ ግንብ አባባ ያደረጉትን ጨምረን እንንገር፤ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማልና። መጀመሪያ ቱቦው በየት እንደሚያልፍ በሁለት ችካልና በሲባጎ ከላይ አመለከቱ። መሠረቱን እስከ ጠንካራው መሬት ድረስ አስቆፈሩ፤ ጥቁሩን አፈር ሁሉ አስወጥተው ከሥሩ ገረገንቲ አስደቀደቁበት። ከግቢው የሚወጣ ትንሽ የፍሳሽ ቱቦ ግንቡን ማቋረጥ ነበረበት፤ በዚያ ላይ ግንቡን ደፍጥጠው አልሠሩበትም። ግራና ቀኝ ድንጋይ አቁመው ከበላዩ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ድልድይ ጋደሙበት፤ በቱቦውና በድንጋዩ መካከል በሁሉም ወገን ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ። ግንብ ሲቀመጥ ጥቂት ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ክፍተት ከሌለው ቱቦውን ይሰብራል፤ የተሰበረው ቱቦ መልሶ ግንቡን ይጥላል። የኢንጂነሪንግ ጓደኛችን ይህን ስንነግረው መጽሐፉን ገልጦ አሳየን፤ የሚለው 5 ሳንቲ ሜትር ነው። የአባባን ሦስት ጣት ለክተን ነበር፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

ከዓለም ከተማ የተነሣነው ግንቡ ሳያልቅ ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ እንደ ነገሩን ከሆነ ሥራው ደረት ደርሷል፤ የጎደለው ድንጋይ ነው። ከእማማ ቤት ወደ ታች ሦስት ቤት አልፎ ያለው ግንብ ግን በዚያው ቦይ ጠርዝ ላይ እንደ ቆመ ነው። ባለቤቱ ቢነገራቸውም ስንጥቅ አላየሁበትም ብለዋል።